የሽሮ ሜዳ ገበያና የነጋዴ ሕሊና

ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ የሸማ ገበያ ነው። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር ነጠላ፣ ጋቢ፣ ኩታ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ለሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ቦታ ነው። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች ሸማኔዎች እግራቸውን ከጉድጓድ ሰድደው መወርወሪያ ያመላልሳሉ፤ ፊት ለፊት ባሉት ሱቆች ነጋዴዎች ይሸጣሉ። ሸማኔውን ከነጋዴው፣ ነጋዴውን ከገዢው የሚያገናኘው ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነው። ክር በዱቤ ይወሰዳል፤ ሸማው ሲያልቅ ይተሳሰባሉ። የሙሽራ ቀሚስ በቀብድ ይታዘዛል፤ ለጥምቀት የሚለበሰው ነጠላ «ለከተራ ይደርሳል» ተብሎ ይታመናል። ወረቀት በሌለበት ሥራው ጸንቶ የሚቆመው በሰዎቹ ቃል ስለሆነ፣ የንግድ ሥነ ምግባርን ከነሥሩ ለመረዳት ሽሮ ሜዳ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

አንዲት ሴት ነጠላ ስትገዛ ዓይኗ የሚያርፈው ጥለቱ ላይ ነው። ዋጋውን መወሰን ያለበት ግን በቀላሉ የማይታየው ነገር ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የፋብሪካ ክር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበትም አለ። ሦስቱ በዋጋም በዕድሜም አይተካከሉም። ሳስቶ የተሸመነ ሸማ ተጣጥፎ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ከታጠበ በኋላ ይላላል። በክንድ ተለክቶ የተሸጠውም በማን ክንድ እንደተለካ ገዢዋ አታውቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የጥበብ ንድፍ የታተመበት የማሽን ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። የሚያውቅ ሰው ይለየዋል፤ በእጅ የተሠራ ጥለት ክሩ ተሸምኖ የገባ ስለሆነ በጀርባውም ይታያል፣ የታተመው ግን ከኋላ ደብዝዞ ይቀራል። ከሸማው ጫፍ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት የለኮሰ ሰውም ጥጡ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ሲሆን፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ሲሠራ ያያል። ነገር ግን ሱቅ ገብቶ ክር እየመዘዘ የሚለኩስ ገዢ ከየት ይመጣል? ሻጩ የሚያውቀውን ገዢዋ አታውቅም፤ የነጋዴ ሕሊና የሚፈተነውም በዚህ የዕውቀት ልዩነት ላይ ነው።

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ስለ ቀብድም በቁጥር 1885 የደነገገው ግልጽ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ሁሉም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ለአንዲት ነጠላ ተብሎ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ጥቂት ነው፤ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት፣ ምስክር ያልቆመለት ግዢም ለዳኛ የሚቀርብ ማስረጃ የለውም። ከማስረጃው ድንበር ወዲያ ያለውን ሰፊ ሜዳ የሚጠብቀው የሻጩ ሕሊና ብቻ ነው።

ገበያው ይህን ክፍተት በመሐላ ሊደፍነው ይሞክራል። «ማርያምን! ከዚህ በታች አያዋጣኝም» ወይም «ወላሂ! በገዛሁበት ነው የሰጠሁህ» ሳይባል የሚያልቅ የዋጋ ክርክር ብዙ አይደለም። ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ የፈጣሪን ስም በከንቱ መጥራትን ይከለክላል፤ በእስልምናም መሐላ ዕቃውን ቢያሸጥ እንኳ የትርፉን በረከት እንደሚያጠፋ ነቢዩ ሙሐመድ ማስጠንቀቃቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ይህን ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ሰምቶ የመጣ ሰው ሱቁን ከፍቶ በዚያው ስም በሐሰት ሲምል የሚደርሰው ጉዳት ከአንድ ገዢ ገንዘብ ይበልጣል። መሐላው ራሱ ይረክሳል፤ እውነቱን የሚናገረው ነጋዴ ሲምልም የሚያምነው ይጠፋል። በሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቅዱስ ሥዕል ወይም የቁርአን አንቀጽ የባለሱቁን ሃይማኖት ያሳውቃል፤ የክሩን ዓይነት የሚያሳውቅ ግን ባለሱቁ ብቻ ነው።

ሃይማኖቶቹ ስለ ንግድ ያስተማሩት ከዚህ እጅግ የጠለቀና ዝርዝር ነው። ኦሪት ዘዳግም በአንድ ከረጢት ከባድና ቀላል ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን ያወግዛል። ከቁርአን ምዕራፎች ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚከፈተው ሲቀበሉ አሟልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩ ነጋዴዎችን በመገሠጽ ነው። በኢትዮጵያ ለዘመናት የሕግ ምንጭ ሆኖ የኖረው ፍትሐ ነገሥትም በብድር ላይ ወለድ መቀበልን ያወግዛል። የእስልምናው የወለድ ክልከላ ዛሬ በአገሪቱ የባንክ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ከወለድ ነጻ አገልግሎት ውስጥ ሙራባሓ የሚባለው የሽያጭ ዓይነት ለሽሮ ሜዳው ጉዳይ ቅርብ ነው። በሙራባሓ ሻጩ ዕቃውን ስንት እንደገዛውና ስንት እንዳተረፈበት ለገዢው መንገር ግዴታው ነው። በመሐላ ሊሸፈን የሚችለው የመግዣ ዋጋ እዚህ ላይ የውሉ አካል ሆኖ ይገለጣል። መንፈሳዊ ትእዛዝ ወደ ተግባር ወርዶ የሂሳብ አሠራር ሲሆን እንዲህ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሙያቸውን ይዘው የመጡት ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ ነው። ከሙያው ጋር ሌላም ሀብት ይዘው መጥተዋል። በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባል ጽኑ እሳቤ አለ፤ ክልክል የሆነውን የተላለፈ ሰው በራሱ፣ በቤተሰቡና በምድሪቱ ላይ መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ይታመናል፤ ጥፋቱም በይፋ ተነግሮ በዕርቅ እስኪፈታ ድረስ ዕረፍት የለም። በደል የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም ማለት ነው። የአገሬው ጉዳይ የሚመከረው ዱቡሻ በሚባለው የሕዝብ ሸንጎ ሲሆን፣ በዚያ ያደጉ አባቶች ሥልጣን ምን እንደሚመስል አገር ሁሉ ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ ጥቃት መድረሱ በተሰማ ጊዜ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ የተቆጣው ሕዝብም ተመለሰ። መሣሪያም ገንዘብም ያልያዙ ሽማግሌዎች ያን ያህል ሕዝብ መመለስ የቻሉት የኖሩበት ሕይወት ስለመሰከረላቸው ነው። ስለ ሥነ ምግባራዊ አመራር የሚጻፉ የአስተዳደር መጻሕፍት ይህን ምሳሌ ሊያልፉት አይገባም።

በከተማው ገበያ ውስጥ ይህን የመሰለ አመራር በየሳምንቱ የሚታየው በእቁብ ላይ ነው። እቁብ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ዳኛው የሚመረጠው ከሀብቱ ይልቅ በሰውነቱ ነው፤ ቃሉን የሚጠብቅ፣ የሰው ገንዘብ የማይነካ፣ ሲቆጣም ፊት አይቶ የማያዳላ ተብሎ የተመሰከረለት መሆን አለበት። ገንዘቡ በአባላቱ ፊት ይቆጠራል፣ ዕጣው በአባላቱ ፊት ይወጣል፣ የከፈለና ያልከፈለ ስሙ ይጠራል። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይረከብም፤ ምክንያቱም የእቁብ ትልቁ አደጋ ቀድሞ የበላ ሰው ጥሎ መጥፋቱ ነው። አባል ሲቸገር፣ ልጅ ሲታመምበት ወይም ዕቃ ሲቃጠልበት፣ ዳኛው አባላቱን አማክሮ ተራውን ሊያስቀድምለት ይችላል። ደንብ አለ፤ ርኅራኄም አለ፤ ሁለቱም የሚከናወኑት በሰው ፊት ነው። በዚህ ዓይነት ብዙ ገንዘብ ያለ ባንክና ያለ ጠበቃ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ የንግድ ሥራ ተማሪ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚሉትን ቃላት ከመሸምደዱ በፊት አንድ ቀን እቁብ ሲጣል ቢያይ ብዙ ይማራል።

ይሁን እንጂ እቁብ የሚጠብቀው አባሉን፣ ዋስ የሚጠራውም የሚያውቁትን ነው። የባህሉ ትልቅ ድካም እዚህ ላይ ይገለጣል። ለእቁብተኛው አንዲት ብር የማያጎድል ሰው ዳግመኛ ለማያያት መንገደኛ ገዢ የፋብሪካ ክር በፈትል ዋጋ ሊሸጥላት ይችላል፤ ሕሊናውም አይቆረቁረውም። ከዚህ የመተዋወቅ ክብ ውጭ የቀሩት ገዢዎች ብቻ ቢሆኑ ቀላል በሆነ ነበር። ረጅም ዘመን ከክቡ ውጭ የቆዩት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

የእጅ ሙያ በኢትዮጵያ ሲናቅ የኖረ ሥራ ነው። ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ሥራቸው እየተፈለገ እነርሱ ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ የሰው ዘር ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን ማስረጃ አድርገው አቀረቡ። የአዋጁ መከራከሪያ መንፈሳዊ፣ ዓላማው ደግሞ ኢኮኖሚያዊ ነበር፤ ባለሙያውን ያዋረደ አገር ሙያ እንደማያድግለት ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተውታል። አዋጁ ከወጣ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆነውም በዚያው በጉለሌ፣ ቀጨኔ ሰፈር፣ ጀበናና ድስት እየሠሩ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶች «ቡዳ» የሚለውን ስድብ ከነልጆቻቸው ሲሸከሙ ኖረዋል። ይህ የጨዋነት ጉድለት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የዋጋ ጉዳይም ነው። የተናቀ ሰው ዋጋ የመተመን ድፍረት ያጣል፤ ተረካቢው ባለው ዋጋ ይሸጣል፤ ሸክላ ሠሪዋ አፈር ስትቆፍር፣ ስታቦካና ስታደርቅ ያጠፋችውን ቀን የሚያስብላት የለም። ሸማኔውም ቢሆን ክር በዱቤ ስለሚወስድ ባለዕዳ ሆኖ ለድርድር ይቀርባል። የበዓል ሰሞን ዋጋ ሲወጣ ጭማሪው ሸማኔው ዘንድ ሳይደርስ ሱቁ ላይ ሊቀር ይችላል። ከሌላው ሰው ድካም ማን ምን ያህል ይወስዳል የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ስለ ንግድ ሥነ ምግባር ማስተማር ጎዶሎ ነው።

ከሁሉ የከፋው የልጆቹ ጉዳይ ነው። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት «ሙያ ይማራሉ፣ ትምህርት ቤትም ይገባሉ» ተብሎ ለወላጅ ቃል እየተገባ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡና ቀኑን ሙሉ ሽመና ላይ ሲውሉ መኖራቸው በጥናትም በዜናም የታወቀ ነው። አሠሪው ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ነው፤ እርሱም በልጅነቱ በዚያው መንገድ የመጣ ሊሆን ይችላል። የደረሰበትን በሌላው ላይ ሲደግመው ጭካኔ መሆኑ አይታየውም፤ ሙያ ማስተማር ይመስለዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቀጥሮ እንዳይሠራ ይከለክላል። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 የሆነ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳይሠራ ያዝዛል። ሦስት ወይም አራት የሸማ ዕቃ በአንዲት ክፍል ተክሎ የሚያሠራ ሰው ራሱን የድርጅት መሪ ብሎ አይጠራም። ነገር ግን በእጁ ያለው ሥልጣን ከብዙ ሥራ አስኪያጆች ይበልጣል፤ ልጁ የሚበላውን፣ የሚተኛበትንና የሚማርበትን ሰዓት የሚወስነው እርሱ ነው።

ክቡን ያሰፋ ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም በሄዱ ጊዜ ያጋጠማቸው የወሎ ረሃብ ነበር። ወላጆቻቸውን በረሃብ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ባለቤታቸው ስላልተስማሙ ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ቆሎ፣ ዳቦና እንጀራ እያዘጋጁ እየሸጡ አሳደጓቸው። ይህ ጅምር በስማቸው የሚጠራ ትልቅ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ሆነ፤ ሥራውም ሕፃናትን ከማሳደግ አልፎ ወደ ሙያ ሥልጠናና ወደ እናቶች የገቢ ማግኛ ተስፋፋ። በሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በጉለሌው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በኮቪድ ሕመም አርፈዋል። በእርሳቸው ሕይወት መንፈሳዊው ጉዞና ንግዱ አልተለያዩም፤ ለበረከት ሄደው ያገኙት ግዴታ ነበር፤ ግዴታውን የተወጡትም በመነገድ ነው። ሸቀጣቸው ተራ፣ ትርፋቸው ትንሽ ነበር። ትርፉ የሚውልበትን ግን ከመጀመሪያው ወስነው ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር በትምህርት ማስተላለፍ ይቻላል ወይ የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ ይሰጥ ነበር፤ በደርግ ጊዜ የፖለቲካ ትምህርት ቦታውን ወሰደ፤ ከዚያም የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። ስሙ ተለዋወጠ እንጂ የማስተማሪያው መንገድ ብዙ አልተለወጠም። ተማሪው የሐቀኝነትን ትርጉም ይጽፋል፣ ከአራት አማራጮች ትክክለኛውን ያከብባል፣ ያልፋል። ለከፍተኛ የድርጅት ኃላፊዎችም ተመሳሳይ ፈተና አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የኩባንያ ዳይሬክተሮች ለድርጅቱ ጥቅም በታማኝነትና በጥንቃቄ እንዲሠሩ ግዴታ ጥሎባቸዋል፤ ግዴታውን ማወቅና በጥቅም መካከል ቆሞ መፈጸም ግን የተለያዩ ናቸው።

በዚህ ረገድ ለሽሮ ሜዳ የሚቀርበው የውጭ ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር የሚመጣው ነው፤ የምሳሌው ባለቤቶችም በከፊል ሸማኔዎች ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1844 በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና የአጃ ዱቄት ይሸጡ ነበር። ባዕድ ነገር አይቀላቀልም፣ ሚዛን አይጎድልም፣ ሽያጭ በዱቤ አይካሄድም ብለው ተስማሙ። ቆይተውም ከትርፋቸው ከመቶ 2.5 እጁን ለአባላት ትምህርት መደቡ። የዛሬው የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ መርሆች የመነጩት ከዚህ ነው። በኢትዮጵያም በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ትምህርትንና ሥልጠናን ከማኅበራቱ መርሆች አንዱ አድርጎ ተቀብሏል። ስለዚህ በማኅበር የተደራጁ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች የሥነ ምግባር ትምህርት የሚሰጡበት ሕጋዊ መሠረት አላቸው።

ትምህርቱ ፍሬ የሚኖረው ከሠልጣኙ የሥራ ቀን የተወሰደ ጉዳይ ሲቀርብ ነው። ለምሳሌ አንድ ባለሙያ ለጥምቀት የሚደርስ ሥራ በቀብድ ተቀብሏል። አራት ቀን ቀርቶታል፤ ሥራው ግን ስድስት ቀን ይፈልጋል። አብሮት የሚሠራው ልጅ 15 ዓመቱ ሲሆን የማታ ተማሪ ነው። ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ሌሊቱን ቢያሠራው ቃሉን ለገዢዋ ይጠብቃል፤ ሕጉን ግን ይጥሳል፤ ለልጁ ወላጅ የገባውንም ቃል ይበላል። ጥለቱን አሳስቶ ቢጨርስ ገዢዋ ላታውቅ ትችላለች። የቀብዱን እጥፍ ቢመልስ የወሩን ገቢ ያጣል። አስቀድሞ ደውሎ ቢነግራት ደግሞ ልትቆጣም ልትታገሥም ትችላለች። ሠልጣኞቹ ይህን ጉዳይ በክርክር ሲያዩት የኪሳራውን መጠን በብር ያሰላሉ፣ የአዋጁን ቁጥር ያነሣሉ፣ የሃይማኖታቸውን ትእዛዝ ይጠቅሳሉ፤ ባለጉዳዩ በሥራ ቀኑ የሚገጥመውም ይኸው ሦስቱን በአንድ ጊዜ መመዘን ነው። አሠልጣኙ ክርክሩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ልጁ በዚያ ክፍል ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር?